ኦርኪድ ቅጠሉን ሲያረግፍ ውሃ አትጨምሩለት

ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ ወይም እንደ አዲስ አበባ ያለ ደጋ ከተማ ውስጥ ኦርኪድ ለያዛችሁ ነው፤ በተለይ ደግሞ በስጦታ ተሰጥቷችሁ፣ አበባው ሲረግፍ «አሁን ምን ላድርገው?» እያላችሁ ለምትጨነቁ። ከታዘብኩት፣ ችላ ተብሎ ከሚሞተው ኦርኪድ ይልቅ በጭንቀት ተከብቦ የሚሞተው ይበዛል። እኔ ቤት የሞቱት አብዛኞቹ ውሃ ጠጥተው፣ ማዳበሪያ በልተው፣ ጠዋት ማታ እየታዩ ነው የሞቱት።

አክስቴ ናይሮቢ ብዙ ዓመት ሠርታ ስትመለስ ኦርኪድ የማሳደግ አመል ይዛ መጣች። እዚህም ከአበባ ቤት እየገዛች፣ ከወዳጆቿ ቁራጭ እየተቀበለች በረንዳዋን ሞላችው። ጡረታ ወጥታ ውጭ አገር ልጆቿ ዘንድ ስትሄድ ግን ይዛቸው መሄድ አልቻለችም። ኦርኪድ ድንበር ለማሻገር የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት፣ በዚያም ላይ ሳይቲስ በሚባለው፣ ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት የሚሰጥ ፈቃድ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ሻንጣ ውስጥ ሸጉጦ መሄድ የሚታሰብ አይደለም። እናም ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ሁሉም በአንድ ፒክአፕ ተጭነው እኔ ቤት ገቡ። «ትለምጃቸዋለሽ» ብላኝ ሄደች።

እኔ በዚያን ጊዜ ኦርኪድ ሁሉ አንድ ነበር የሚመስለኝ። ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ ሰኞና ሐሙስ ለሁሉም ውሃ፣ በወር አንዴ ለሁሉም ማዳበሪያ። የጨረሳቸው ይሄ እኩልነት ነው። በአንድ መደርደሪያ ላይ የተደረደሩት ተክሎች ከተለያየ የአየር ንብረት የመጡ፣ በዓመቱ ውስጥ የሚጠሙበትና የሚተኙበት ወር የተለያየ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

መጀመሪያ የተጎዱት ቅጠላቸው የማይረግፈው ፋላኖፕሲሶች ናቸው። አበባ ቤት ውስጥ በብዛት የምታዩት፣ ሰፊ ወፍራም ቅጠልና ቢራቢሮ የመሰለ አበባ ያለው ኦርኪድ ማለት ነው። ዝናብ ለተክል ምን ይከፋል ብዬ ከበረንዳው ክፈፍ ወጣ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንዱን ላጸዳ ስነካው መሐል ላይ ያለው አዲሱ ቅጠል ያለምንም ትግል እጄ ላይ ተነቅሎ ቀረ። ሥሩ ቡናማ፣ ውሃ የቋጠረ፣ የሚያሙለጨልጭ፤ ሽታውም የቆየ የአበባ ማስቀመጫ ውሃ ሽታ። ፋላኖፕሲስ የሚያድግበት ጫፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ከበሰበሰ ተክሉ ወደ ላይ የሚቀጥልበት መንገድ የለውም። በትውልድ ቦታው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደኖች ዛፍ ላይ ዘመም ብሎ ስለሚንጠለጠል ዝናቡ ከመሐሉ ላይ ይንሸራተታል። እኛ ማሰሮ ውስጥ ቀጥ አድርገን ስንተክለው ግን መሐሉ ውሃ የሚይዝ ጎድጓዳ ይሆናል። ሌሊቱ 10 ዲግሪ አካባቢ በሚሆንበት የአዲስ አበባ ክረምት ያ ውሃ ሳይደርቅ ያድራል።

ስለዚህ ፋላኖፕሲስ ካላችሁ ውሃ ጠዋት ብቻ አጠጡ፤ ከሰዓት በኋላ በፍጹም። መሐሉ ላይ ውሃ ከተንጠባጠበ በሶፍት ጫፍ ምጠጡት። ስታዛውሩት ማሰሮው ውስጥ ትንሽ አዘንብላችሁ ብትተክሉትም ችግሩ በግማሽ ይቀላል።

ትልቁ ጉዳት የደረሰው ግን በጋ ሲገባ ነው። ከአክስቴ ተክሎች መሐል ኖቢሌ የሚባል የዴንድሮቢየም ዓይነት በርከት ብሎ ነበር፤ እንደ ሸንኮራ አገዳ አንጓ አንጓ ያለው፣ ቀጥ ብሎ የሚያድግ። በክረምቱ ሁሉ ለምልሞ ቆይቶ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቅጠሉ መገርጣት ጀመረ። ከዚያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ በየቀኑ ወለሉ ላይ እየረገፈ መጥረግ ሆነ ሥራዬ። ኅዳር ላይ አብዛኛው አገዳ ራቁቱን ቀረ። አንጀቴን በላው። ውሃውን በሳምንት ከሁለት ወደ ሦስት አሳደግኩ፤ ማዳበሪያ ጨመርኩ፤ ብርዱ ይሆናል ብዬ ከበረንዳ አንስቼ ሳሎን ውስጥ አስገባኋቸው። ከድጡ ወደ ማጡ ይሉታል ይሄ ነው። ከፊሎቹ ከሥራቸው በሰበሱ። የተረፉት ደግሞ አበባ ሊያወጡበት በሚገባው አንጓ ላይ ቅጠልና ሥር ያላቸው ትናንሽ ልጆች አወጡ፤ አበባ ግን የለም። ካታሴተም የሚባለው ሌላ ቅጠል ረጋፊ፣ አጭር ወፍራም ግንዱ ብቻ ቀርቶ ስለነበር፣ ሊነቃ ነው ብዬ ውሃ ሳጠጣው ውስጡ እየላመ ሄዶ አንድ ቀን ጣቴ ገባበት።

በመጨረሻ አክስቴ ጋ በቪዲዮ ደወልኩ። ያንን ጥሪ ነው ሳዘገየው የነበረው፤ ምን ብዬ እነግራታለሁ?

«እትዬ፣ ሞቱብሽ እኮ» አልኳት።

«የቱ ነው የሞተው? እስቲ አሳዪኝ።»

ራቁቱን የቆመ አንድ ኖቢሌ ካሜራው ፊት ያዝኩላት።

«አገዳውን በአውራ ጣትሽ ጫን በዪው። ይሰምጣል ወይስ ጠንካራ ነው?»

«ጠንካራ ነው። ትንሽ ሸብሸብ ብሏል እንጂ።»

«እሱን ነጭ ገለፈት በጥፍርሽ ላጥ አድርጊው።»

ላጥኩት። በደረቀ ወረቀት መሰል ገለፈቱ ሥር ያለው አገዳ አረንጓዴ፣ እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ ነበር።

«እና ይሄ ምኑ ሞተ? ቅጠሉን ጥሎ ተኛ እንጂ። ውሃውን ተዪለት፤ ወደ ብርዱም መልሺው።»

እኔም እሺ ብዬ፣ ጨዋ ሆኜ፣ ለሁሉም ውሃ ማቆም ነው የገባኝ። «ሌሎቹንም እተዋለሁ በቃ» ስላት ጮኸችብኝ፦ «ሌሎቹን ማን ተዪ አለሽ! ፋላኖፕሲሱን ውሃ ልታስጠሚው ነው?»

ያን ዕለት ረጅም ሰዓት አወራን። ፍሬ ነገሩን ልንገራችሁ፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ የሚመነዘር ነውና።

ኖቢሌ የመጣው ከሂማላያ ተራሮች ግርጌ አንሥቶ እስከ ደቡብ ቻይናና ኢንዶቻይና ድረስ ካለው አገር ነው። እዚያ እንደ እኛ ክረምት ያለ ከባድ የዝናብ ወቅት አለ፤ ከዚያ ቀዝቃዛና ደረቅ ወራት ይከተላሉ። ተክሉ በዝናቡ ወቅት ይንቀለቀልና አገዳውን በውሃና በምግብ ይሞላል። ዝናቡ ሲያበቃ ቅጠል መያዝ ውሃ ማባከን ስለሚሆንበት ያረግፈዋል፤ ባጠራቀመው እየኖረ፣ ብርዱና ድርቁ አበባ እንዲያዘጋጅ ያደርጉታል። ቀጣዩ ዝናብ ሳይመጣ ያብባል። ይህን የቀን መቁጠሪያ ከእኛ ክረምትና በጋ ጋር አስተያዩት። አውሮፓ ያለ ሰው በመስታወት ቤትና በማቀዝቀዣ የሚደክምበትን የአዲስ አበባ ኅዳርና ታኅሣሥ በነፃ ይሰጠናል። እኔ ግን ሳሎን አስገብቼ፣ ውሃና ማዳበሪያ እየሰጠሁ፣ ዝናቡ አላበቃም እያልኩ ነበር የማታልለው። ልጅ ያወጣውም ለዚህ ነው፦ ሙቀትና ውሃ ያገኘ አንጓ አበባ መሆኑን ትቶ ቅጠል ይሆናል።

ፋላኖፕሲስ ደግሞ ሞቃትና ዓመቱን ሙሉ እርጥበት ከማይለየው ቆላ የመጣ ነው። ያበጠ ግንድ የለውም፤ ያለው ውሃ ወፍራም ቅጠሉና ሥሩ ውስጥ ያለችው ብቻ ናት። ረጅም ፆም አይችልም። ስለዚህ አንድን ኦርኪድ ከማሰሮው ስታነሡት መጀመሪያ የምትጠይቁት ስሙን አይሁን፤ ውሃውን የት ነው የሚያጠራቅመው ብላችሁ ጠይቁ። ወፍራም አገዳ ወይም እንደ ሽንኩርት ያበጠ ግንድ ካለው፣ ድርቅ ያውቃል ማለት ነው። ያለው ቅጠልና ሥር ብቻ ከሆነ ግን አያውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ቅጠሉ የማይረግፍ የሚባለውም ቢሆን አንዳንዴ ቅጠል ይጥላል። ፋላኖፕሲስ ከሥር ያለችውን አሮጌ ቅጠል አልፎ አልፎ ቢጫ አድርጎ ይሸኛል፤ ይህ ጤና ነው። ቢጫው ከላይ፣ ከአዲሱ ቅጠል ከጀመረ ግን ሥሩን ወይም መሐሉን ዛሬውኑ እዩ። ቅጠል ረጋፊዎቹም ቢሆኑ ወቅታቸውን ጠብቀው ነው የሚያረግፉት። ኖቢሌ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቢረግፍ አትጨነቁ፤ ሐምሌ ላይ ቢረግፍ ግን አንድ ነገር ሆኗል። ደግሞ ኖቢሌ የዘንድሮውን አዲስ አገዳ ቅጠል ለሚቀጥለው ዓመት ሊያቆየው ይችላል፤ «ለምን አልረገፈም» ብላችሁ እንዳትነቅሉት። አንዲት ወዳጄ አድርጋዋለች።

ከዚያ በኋላ መደርደሪያውን ለየሁት። አሁን ለኖቢሌ የምከተለው እንዲህ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከሥር አዲስ ቡቃያ ይወጣል። ቡቃያውን እንዳየን ውሃ የማፍሰስ ፈተና አለ፤ ቆዩ። አዲሱ ቡቃያ የራሱን ሥር አውጥቶ ሥሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲረዝም ነው ውሃ መጠጣት የሚችለው። ከዚያ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ሳትሰስቱ አጠጡ፤ ክረምት ላይ ዝናብ ቢመታውም ማሰሮው ውሃ የሚያሳልፍ እስከሆነ ድረስ ይወደዋል። በረዶ ግን አይመታው፤ በረዶ የበሳው ቅጠል ለበሽታ በር ይከፍታል። ማዳበሪያ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ሩብ ያህሉን ብቻ በውሃ እየበጠበጣችሁ ስጡ፤ ለእርሻ የሚሆነውን ዩሪያ በፍሬው አትነስንሱበት፣ ሥሩን ያቃጥለዋል። ነሐሴ ሲያልቅ ማዳበሪያውን ሙሉ በሙሉ አቁሙ። መስከረም ላይ ውሃውን ቀንሱ። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ፀሐይ የሚበዛበትና ሌሊቱ የሚበርድበት ቦታ አስቀምጡትና እጃችሁን ሰብስቡ። አገዳው ትንሽ ቢሸበሸብ ችግር የለውም። በጣም ከተጨማደደ በሁለትና በሦስት ሳምንት አንዴ፣ ጠዋት፣ አንድ ሲኒ ያህል ውሃ ይበቃዋል። ውርጭ በሚመታባቸው እንደ ሱሉልታ ባሉ ቦታዎች ካላችሁ፣ ከ5 ዲግሪ በታች በሚወርድባቸው ሌሊቶች ወደ ውስጥ አስገቡት።

ጥር ገደማ አንጓዎቹ ላይ ጉብ ጉብ የሚል ነገር ታያላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ደስ ብሎት ውሃ ያፈስበታል፣ ጉብታውም ሐሳቡን ቀይሮ ቅጠል ይሆናል። ጉብታው ተለቅ ብሎ እምቡጥ መሆኑ በማያጠራጥር መልኩ እስኪለይ ጠብቁ፤ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደ ውሃው ተመለሱ። ደግሞ ያበበውንና የተራቆተውን አሮጌ አገዳ ቶሎ አትቁረጡ። ለአዲሱ ቡቃያ ስንቅ የሚያቀብለው እሱ ነው፤ አንዳንዱም ባላበበባቸው አንጓዎቹ በሚቀጥለው ዓመት ያብባል። ሙሉ በሙሉ ተጨማድዶ ቡናማ ሲሆን ያኔ ይሄዳል።

ካታሴተም ላይ ያለው ሕግ የበለጠ ጥብቅ ነው። መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው አገሩ፤ ሲተኛ አንዲት ቅጠል አያስቀርም። በእንቅልፉ ጊዜ ምንም ውሃ አያስፈልገውም። አዲሱ ቡቃያ ወጥቶ፣ ሥሩ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ አንዲት ጠብታ እንዳትሰጡት። ይህ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ቡቃያው ጠምቶት የሚለምናችሁ ይመስላችኋል። እኔ ማሰሮውን ከዓይኔ ካላራቅኩት እጄን መግታት ስለማልችል ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሥሩ ከደረሰ በኋላ ግን በጣም ውሃ ወዳድ ነው፤ ቅጠሉ እያለ መድረቅ የለበትም። እውነቱን ለመናገር ለአዲስ አበባ የሚመከር ተክል አይደለም፣ በማደጊያ ወቅቱ ሙቀት ይፈልጋል። ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ ወይም ድሬዳዋ ያላችሁ ግን ሞክሩት። ወንዴ አበባው ሲነካ የአበባ ዱቄቱን ቋጠሮ ተስፈንጥሮ ነፍሳቱ ጀርባ ላይ ይለጥፋል፤ ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1862 የጻፈለት ነው። ልጆች በእርሳስ ጫፍ ነክተው አፍንጫቸው ላይ ሲለጠፍባቸው ማየት ነው።

ወደ ፋላኖፕሲስ ልመለስ። ቤት ውስጥ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ ይቀመጥ። የውሃ ሰዓቱን ሥሩ ይነግራችኋል፦ ሲጠማ ብርማ ግራጫ፣ ሲጠጣ አረንጓዴ ይሆናል። ይህን ለማየት በሚያሳይ ፕላስቲክ ማሰሮ መትከል ብልህነት ነው። «በሳምንት ስንቴ?» የሚለውን ጥያቄ እርሱት፤ ደረቁ በጋ ላይና ጭጋጋማው ሐምሌ ላይ መልሱ አንድ አይሆንም። ቅጠሉ የተጨማደደ ፋላኖፕሲስ ሁልጊዜ የተጠማ እንዳይመስላችሁ፤ ሥሩ በስብሶበት መጠጣት ያቃተውም ቅጠሉ ይጨማደዳል። ከማሰሮው አውጥታችሁ ሥሩን በጣት ጫን ብላችሁ እዩ። ጠንካራ ከሆነ ውሃ ስጡ፤ ባዶ ከረጢት ሆኖ ቆዳው ብቻ ከቀረ ቆርጣችሁ በአዲስ መትከያ ትከሉት። አንድ የምሥራች አለ፦ ፋላኖፕሲስ የአበባ ዘንግ ለማውጣት ለጥቂት ሳምንታት ሌሊቱ ትንሽ ቀዝቀዝ እንዲል፣ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ እንዲሆን ይፈልጋል። የአዲስ አበባ ቤት ይህን ያለምንም ልፋት ያገኛል።

እምቡጡ ሳያብብ የሚረግፍባችሁ ካላችሁ አጠገቡ ምን እንዳለ ተመልከቱ። የበሰለ ሙዝና የከሰል ጭስ እምቡጥ የሚያረግፍ ጋዝ ያወጣሉ። እኔ ቤት ቡና የሚፈላበት ጥግና የኦርኪዱ መስኮት ተፋተዋል።

ጀማሪ ሆናችሁ አንድ ብቻ ግዙ ብትሉኝ ግን ፋላኖፕሲስ አልላችሁም፤ ሲምቢዲየም ነው የምለው። ቅጠሉ ረጅምና ቀጭን፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ግን ከሥር ያበጠ ግንድ ስላለው ትንሽ ብትረሱት ይምራችኋል። ብርድ ይወዳል፤ ሌሊቱ ከ14 ዲግሪ በታች ካልወረደ ማበብ ያስቸግረዋል፤ ለአዲስ አበባ በረንዳ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። በጋ ላይ ውሃውን መቀነስ እንጂ እንደ ኖቢሌ ማቋረጥ አይገባም። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ አምሮበት ሳያብብ ከቆየ ብርሃን አንሶታል፤ ወደ ቢጫ የሚያደላ ቀለል ያለ አረንጓዴ ነው የጤናው ቀለም። ሲበዛ ስትከፋፍሉት በአንድ ቁራጭ ቢያንስ ሦስት ግንድ አስቀሩ። እየበጣጠሱ ለጎረቤት ማደል ደግነት ይመስላል፣ ግን አንድ አንድ ግንድ የደረሰው ሰው ሁሉ አበባ ሳያይ ዓመታት ይቆያል።

የመትከያው ጉዳይ ብዙ አደከመኝ። ኦርኪድ በጓሮ አፈር አይተከልም፤ ዛፍ ላይ የሚያድገው ሥሩ አየር ካላገኘ ይበሰብሳል። ከውጭ የሚመጣው የጥድ ቅርፊት ውድ ነው፣ ሁልጊዜም አይገኝም። እኔ አሁን የምጠቀመው ሬድ አሽ (ብሎኬት የሚሠራበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) እና ከሰል ነው። ብሎኬት አምራቾች ጋ ሄዳችሁ ግማሽ ጆንያ ሬድ አሽ ጠይቁ፤ በወንፊት ነፍታችሁ ደቃቁን ጣሉ፣ የሽምብራና የባቄላ ፍሬ የሚያክለውን አስቀሩ፣ ውሃው እስኪጠራ እጠቡት። ከሰሉን ሰብራችሁ፣ አጥባችሁ ሩብ ያህል ቀላቅሉ። ይህ ቅልቅል ቶሎ ስለሚደርቅ ፋላኖፕሲስ ትንሽ ሞስ (ውሃ የሚይዝ ለስላሳ ዕፅ) ወይም ቅርፊት ይጨመርለት፤ ለኖቢሌና ለሲምቢዲየም ግን እንዲሁ ይሆናል። ለማሰሮው ቀጨኔ ሄጄ ሸክላ ሠሪዎቹን ከሥሩም ከጎኑም ቀዳዳ እንዲያበጁልኝ ጠየቅኩ። «ውሃ የማይዝ እንስራ» ብለው ሳቁብኝ፤ ሠሩልኝ ግን። ውሃው ደግሞ ከተቻለ የዝናብ ይሁን፤ አሸንዳውን ወደ ሮቶ ካዞራችሁ ለበጋው የሚተርፍ ይገኛል። የቧንቧ ውሃ ስትጠቀሙ ማሰሮው ጠርዝ ላይ ነጭ ጨው ከተጋገረ፣ በወር አንዴ ውሃ በደንብ እያሳለፋችሁ እጠቡት።

ሌላው የምላጩ ነገር ነው። ኦርኪድን የሚያጠቁ ቫይረሶች መድኃኒት የላቸውም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፉትም አብዛኛውን ጊዜ በመቁረጫችን ነው። ከአንድ ተክል ወደ ሌላው ስትሻገሩ ምላጩን እሳት ላይ አግሉት። የበሰበሰ ስትቆርጡ ነጭና ጠንካራ ሥጋ እስክታገኙ ድረስ ቁረጡ፤ «ትንሽ ይቅር» ያልኩበት ሁሉ ተመልሶ በሰበሰ። ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቀረፋ ነስንሱበት፣ ደህናው ሥር ላይ ግን እንዳይደርስ፣ ያደርቀዋልና። ከዚያ ጥቂት ቀን ውሃ አይንካው። ጥጥ የመሰለው ነጭ ተባይ ከቅጠሉ ብብት ከታየ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ይጠረጋል፤ በሳምንቱ ይደገማል።

ስለ አገራችን ኦርኪዶችም ሳልናገር አላልፍም፤ ኦርኪድ መውደዴን የሰማ ሁሉ «ከገጠር ነቅዬ ላምጣልሽ?» ይለኛልና። በከፋና በጅማ ደኖች፣ ቡናው ላይና ትላልቆቹ ዛፎች ላይ፣ ኤራንጊስና ፖሊስታኪያ የሚባሉ አሉ። ነጩ ኤራንጊስ ማታ ማታ ይሸታል፤ የሌሊት ቢራቢሮ ነው የሚጠራበት። ዝናብ በጣለው ቅርንጫፍ ላይ የተገኘውን ከነቅርንጫፉ አንሥቶ ማዳን አንድ ነገር ነው፤ ከቆመ ዛፍ መንቀል ግን ሌላ ነገር ነው። መሬት ላይ የሚበቅሉት፣ ሳቲሪየምና ሃቤናሪያን የመሳሰሉት፣ በክረምት ወጥተው አብበው በጋ ላይ ከመሬት በላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ የሚቀረው ድንች መሰል ሥራቸው ነው። ከአፈሩ ውስጥ ካሉ ፈንገሶች ጋር ተቆራኝተው ስለሚኖሩ ቆፍሮ ያመጣቸው ሰው አንድ ወቅት አበባ ካየባቸው ብዙ ነው። እነዚህን ባሉበት ሄዶ ማየት ይሻላል።

ሳሎን ያወጣቸው የኖቢሌ ልጆች ምን ሆኑ ለምትሉ፣ አልጣልኳቸውም። እንዲህ ያለ ልጅ ከደረሳችሁ ከእናቱ ላይ ቶሎ አትቁረጡ፤ የራሱ ሥር አምስት ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ጠብቁ። ከዚያ ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ከአገዳው ላይ ጣት የምታህል ከላይና ከታች አስቀርታችሁ ቁረጡት፤ በትንሽ ማሰሮ፣ ሥሩን ብቻ ሸፍናችሁ፣ አንገቱን ሳትቀብሩ ትከሉት። እንዳይወዛወዝ በእንጨት ደግፉት፤ የሚወዛወዝ ኦርኪድ ሥር አይይዝም። የመጀመሪያውን በጋ ሕፃን ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አታድርቁት፤ በሁለት ሳምንት አንዴ ትንሽ ውሃ ስጡት። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው በጋ አገዳው ሲወፍር ከእናቱ ጋር አብራችሁ ውሃውን አቁሙለት።